ለሚስተር ሊው የመጣ መልእክት

የካቲት 2 ቀን 1991፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

ዛሬም «ሄሎ» ላይ ነን። ሁለተኛ ሳምንታችን። ሚ/ር ጋኦ ስልክ ሲያነሳ በቻይንኛ «ዌይ!» ብሎ ይጮኻል፤ በሬ ከማሳ የሚያባርር ነው የሚመስለው። ሄሎ በል፣ እንደ ሰው፣ አልኩት። አሰበ። አሰበ አሰበና «ሄሎ ዌይ!» አለ። ተውኩት።

አጀንዳዬ፣ አንቺም የነሱው ነሽ። ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ያደሉን፣ ሽፋንሽ ላይ ድልድይ የተሳለብሽ፣ ውስጥሽ በቻይንኛ የታጨቀ። ቀኑን እየሰረዝኩ በእኛው እጽፍብሻለሁ። ቅር አይበልሽ፤ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም። ካምፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወይ ቻይና ነው ወይ እንቅልፋም።

የተቀጠርኩት እኮ ስልክ ላነሳ ነበር። የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከላፍቶ ወዲያ፣ ጤፍ ማሳ መሀል። የቆርቆሮ ቢሮ፣ አንድ ስልክ፣ እኔ። ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ ሚ/ር ሁ ጠራኝና ሰዎቼ በስልክ ሲሚንቶ እንኳ ማዘዝ አቃታቸው፣ ባለሱቁ ሁሉ ይዘጋባቸዋል፣ አንቺ ጥሩ እንግሊዝኛ አለሽ፣ አስተምሪልኝ አለ። ከቤጂንግ የመጣ ቀጭን መጽሐፍም ሰጠኝ። ለቻይናውያን የሚጠቅሙ የእንግሊዝኛ የስልክ ንግግሮች። ገጽ አንድ፦ ሚስተር ስሚዝ አሉ? ገጽ ሁለት፦ ሚስተር ስሚዝ የሉም። እስከ መጨረሻው ገለበጥኩት፤ ሚስተር ስሚዝ አልተገኘም።

ኮሜርስ ተምሬ፣ በደህናው ዘመን ስንት ሚኒስትር ደጅ የሚጠናበት ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ፣ መጨረሻዬ ይሄ።


የካ. 4፣ ሐሙስ

ጋኦ ዛሬ ሳሪስ ያለ የብረታ ብረት ሱቅ ደወለ። ብቻውን። ለልምምድ። ባለቤቱ አነሳ። ጋኦ «ሚስተር ስሚዝ አሉ?» አለ። ሰውዬው ተሳስተዋል ብሎ ዘጋ። ጋኦ እንደገና ደወለ። «ሚስተር ስሚዝ አሉ?» አምስት ጊዜ ይሁን ስድስት እንጃ። በመጨረሻ ባለሱቁ በአማርኛ ምን እንዳለው እዚህ አልጽፍም። ጋኦ ትርጉሙን ጠየቀኝ። መልካም ቀን ማለት ነው አልኩት። ጻፈው!

ሊው ይሻላል። ቀያሽ ነው፣ ልጅ እግር፣ መነጽሩን በሽቦ ያሰረ። ይገባዋል። ግን አመል የለውም። ስልክ ሲደውል የመጀመሪያ ቃሉ ጉዳዩ ነው። ሲሚንቶ። ነገ። ጠዋት። ቀጭ። ደህና ሁኑ የለ፣ ሰላም ዋሉ የለ፤ ፊትህ ላይ በር እንደሚዘጋ ባለዕዳ። እዚህ አገር እንዲህ አይደወልም አልኩት። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ከዚያ ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ዝናቡ። ጉዳይ የሚነሳው ሰውዬው «በል እንዴት ነው ታዲያ» ሲል ነው። ሰምቶ ሰምቶ፣ እስከዚያ መስመሩ ቢቋረጥስ አለ።

ሌላም ጠየቀኝ። በጣም አስቸኳይ ነው፣ አሁኑኑ፣ የሚባለው በእንግሊዝኛ እንዴት ነው? አላስተማርኩትም። ለእናንተ የማያስቸኩል ነገር አለ እንዴ፤ መጀመሪያ ሰላምታ ልመዱ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ባዶ መስመር ትቶ ወደሚቀጥለው አለፈ።


የካ. 8፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። እነሱ ደግሞ ዛሬ ዋዜማቸው ነው፣ ነገ አዲስ ዓመት። ግቢው በአሳማ ጥብስ ጢስ ታፍኗል። ቀን መርጠው ነው? አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ ዋልኩ። የጥበቃው ጋሽ በዳዳ ይስቁብኛል። አፍንጫ አይጾምም አሉኝ። ይሄ ግቢ የሳቸው ማሳ የነበረ ነው፤ አሁን በሩን ይጠብቁታል። እሳቸው የሚስቁበትን እኔ አላውቅም።

ከሰዓት ወደ አገራቸው ለመደወል ተሰለፉ። ሚ/ር ሁ ሰዓት ይዞ ቆሟል፣ ለያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ። ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ ይጮኻል። ባሕሩን ያለ ስልክም ይሻገር ነበር ድምፃቸው። የሊው ተራ ደረሰ። እሱ አልጮኸም። ሁለት ቃል አለ፣ ሰማ፣ ፈገግ አለ፣ ዘጋ። ደቂቃው እንኳ አላለቀም። እናቴ ናት አለኝ። ምን አለችህ? ራት በልተሃል ወይ አለችኝ።

ይኸው ነው። ከዓለም ማዶ ተደውሎ፣ በዓውዳመት፣ ስለ ራት። ናፍቆት የለ፣ ምርቃት የለ። እንዴት ያለ ደረቅ ፍጥረት ነው ጎበዝ።

ፎቶዋን አሳየኝ። ባቡር ጣቢያ ትኬት ትቆርጣለች። አባት የለውም። እሷና እህቱ ብቻ። እናቱ ጠይም ቢጤ ናት፣ ሳቅ የምታውቅ። ለእሱ አልነገርኩትም እንጂ መልከ መልካም ናት።


የካ. 11፣ ሐሙስ

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው።

የዛሬው ትምህርት «የደወልኩት ይህን ላሳውቅዎ ነው» የሚለው። የቀረውን ከራሳችሁ ሙሉ አልኩ። ጋኦ ሲሚንቶ ማለቁን አሳወቀ። ደህና። ሊው ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። የደወልኩት አባትህ ዛሬ ጠዋት መሞቱን ላሳውቅህ ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋል። ብሎ ቁጭ። በፈገግታ! ሰዋስዉ አንድ እንከን የለውም።

ጠመኔውን ወረወርኩት። ይሄ በስልክ አይባልም! ሞት በሽቦ አይላክም! ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ። ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን ብቻውን እንዴት ያነጋዋል? ሥራ ላይ አይነገርም። ሩቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ታሟል፣ ቶሎ ድረስ ይባላል።

የራሴንም ነገርኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው እንጃ። እናቴ ስታርፍ ደሴ «ታማለች ነይ» ተብዬ ነው የሄድኩት። ለበሽተኛ ብርቱካን ገዝቼ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ፌስታሉን ታቅፌ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ያኔ የዋሹኝን ሁሉ ረግሜ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። መንገዱን ሙሉ እናት ነበረችኝ። ያንን ቀን በነጻ ሰጡኝ።

ሊው እጁን አወጣ። ታዲያ በእውነት የታመመ ሰው ሲኖርስ ምን ትላላችሁ? ሰሚውስ እንዴት ይለያል?

ሰው ያውቀዋላ፣ አልኩት። እዚህ የተወለደ ሰው ይሄን አይጠይቅም። ጋኦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሞኝ ጥያቄ።


የካ. 15፣ ሰኞ

መልእክት መቀበል ጨረስን። ሊው ወዶታል። ማታ ማታ ከቅየሳ ሲመለስ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ኤኒ መሴጅ ፎር ሚ?» ይላል። እኔም «ኖ መሴጅ፣ ሚስተር ሊው» እለዋለሁ። ይስቃል። ማን ሊጽፍለት ነው መልእክት፣ ለዚህ ለብቸኛ? ግን ይጠይቃል። እንደ ሕፃን ጨዋታ።

ጋኦ ደግሞ አንዲት ሐረግ ይዞ ቀርቷል። «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር።» ምሳ ስወጣ ስልኩን ለሱ ትቼ ነው የምሄደው። ስመለስ ለደወለው ሁሉ ሮንግ ነምበር ብሎ ሸኝቶታል። ያልገባውን ሁሉ ማሰናበቻ ቃል አገኘ። ሚኒስትር መሆን ይችላል።


የካ. 17፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ታክሲ ጥበቃ ላይ

ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን አትይብኝ።

9 ሰዓት አካባቢ ስልክ ጮኸ። ከቤጂንግ፣ ከዋናው መ/ቤት። ሴት ናት፣ እንግሊዝኛዋ ደህና። ሚ/ር ሊው አለ? የለም፣ ለቅየሳ ወጥቷል፣ መልእክት ልቀበል? እናቱ በጠና ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ባስቸኳይ ወደ ቤቱ ይደውል። ስሙን በፊደል አስቆጠርኩ፣ መልእክቱን መልሼ አነበብኩላት፣ ስለ ደወሉ አመሰገንኩ። አንድ እንከን የለውም። ተማሪዎቼ በሰሙኝ ብዬ ተኩራርቼ ነበር፣ ስልኩን እስካስቀምጥ።

ከዚያ የጻፍኩትን መልእክት እንደገና አነበብኩት። ሞታለች።

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለደቂቃ የሚሰስት ሕዝብ ሰው ታመመ ብሎ በመ/ቤት በኩል ከቤጂንግ ይደውላል? ያቺም ሴት አነጋገሯ ለስለስ ያለ ነበር። ለካ እነሱም ይሉኝታ ያውቃሉ፣ እኔ ነኝ የናቅኋቸው አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኳቸው፣ ይገርምሻል።

ለሚ/ር ሁ ልንገረው ነበር። ተውኩት። እሱ እኮ ሾርባ እየጠጣ ነው የሚያረዳው። ጋሽ በዳዳ ዘንድ ሄድኩ። ምን ጊዜም የማልሰማቸው ሰው፣ ዛሬ ከሳቸው ሌላ ሰው አልታየኝም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና እንዲህ አሉ።

«አሁን አይነገርም። ደክሞት ነው የሚመጣው። ራቱን ይብላ፣ ይተኛ። ሲነጋ እኔ ከሰፈር ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ። አንቺም ነይ፣ ቋንቋው አንቺ ጋ ነው።»

11 ሰዓት ሲሆን መጣ። ፀሐይ አክስሎት፣ ባለሦስት እግሩን የቅየሳ መሣሪያ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ደስ ብሎት። የለቡ በኩሉ መስመር ዛሬ አለቀ መሰለኝ። በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«ኤኒ መሴጅ ፎር ሚ?»

አየሁት። ራቱን ይብላ ብዬ አሰብኩ። እናቱም ይኼንኑ ነበር የምትጠይቀው።

«ኖ መሴጅ፣ ሚስተር ሊው።»

ቴንኪው አለ። ጉድ ኢቭኒንግ አለ፣ እንዳስተማርኩት። ቢሮውን ቆለፍኩ። ቁልፉ እኔ ጋና ሚ/ር ሁ ጋ ብቻ ነው፣ እሱም ማታ ብስራተ ገብርኤል ወዳለ ቪላው ይገባል። አንድ ሌሊት እናት ይኑረው። የሰጡኝን ሰጠሁት።


የካ. 18፣ ሐሙስ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ሌላ ማን ጋ ልሂድ።

ሳይነጋ ደረስኩ፣ ጥቁር ለብሼ። ጋሽ በዳዳ በር ላይ ናቸው፣ ከሁለት ጋቢ ከደረቡ ሽማግሌዎች ጋር። ስልኩ ሲጮህ አመሸ አሉኝ። ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይጮኻል። እኩለ ሌሊት ላይ ጭራሽ አቆመ። ለቅሶ ቤት ስልክ ይበዛል አልኳቸው። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። በአፌ።

ሊው በርሜሉ ጋ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። አራታችንን አየና ሳሙናው አፉ ላይ እንዳለ ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ ቀደሙ፣ እጁን ያዙት። እግዜር ያጽናህ አሉት። ወደ እኔ ዞረ። እናትህ አርፋለች አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ባለኝ ለስላሳ ቃል ሁሉ። አላለቀሰም። አፉን አበሰ። ቢሮውን ክፈቺልኝ አለ።

ቁልፉን ለጋሽ በዳዳ ሰጠኋቸው፤ ከፈቱት። ደወለ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አወራ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ መነጋገሪያውን እንደያዘ። ሲጨርስ ነገረኝ። ያነሳችው እህቱ ናት። እናቱ የሞተችው በነሱ ሰዓት ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ነው። እስከዚያ ነፍሷን ታውቅ ነበር። ትጠብቅ ነበር አለኝ። ምኑን? አልኩት። ስልኬን። እህቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚህ ስትደውል አደረች፣ የሚያነሳ ጠፋ።

የነሱ ንጋት የኛ እኩለ ሌሊት ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም አልል፤ ራሴው ነኝ ክፍል ውስጥ ሰዓት ልዩነት ያስተማርኳቸው።

ታማ ነበር። እውነቷን ታማ ነበር። ሴትዮዋ የሆነውን ነበር ያለችው፣ ቃል በቃል፣ ሌላ ምንም አልደበቀችም።

ሊው ተነሳ፣ ሽማግሌዎቹን እያንዳንዳቸውን እጅ ነሳ። ቤቴ ብሆን ኖሮ እንዲህ በር ላይ የሚመጣልኝ ዘመድ ብቻ ነበር አለ። ለኔም እጅ ነሳ፣ ዝቅ ብሎ። በሌሊት ስለ መጣሽልኝ አመሰግናለሁ አለኝ። ሚ/ር ሁ መርዶውን ሰምቶ ንጋት ላይ ሰው የላከብኝ መስሎታል። አላረምኩትም። ሰዋስው ሲሆን ለማረም ማን ይቀድመኛል።


የካ. 19፣ ዓርብ

ሚ/ር ሁ ዛሬ ግቢውን በጩኸት አፈረሰው። ዋናው መ/ቤት ረቡዕ ከሰዓት ደውለን መልእክት ትተናል ብሎታል። ማን ነው ያነሳው? ሁሉንም አሰለፈ። እኔን አላሰለፈኝም! ወደ እኔ እንኳ አላየም። መምህርቷ አትሳሳትም፣ እንግሊዝኛ ታውቃለች። አንድ ዓይኑ ጋኦ ላይ ነው።

ጋኦም አመነ። ረቡዕ፣ እኔ ምሳ በወጣሁበት፣ አንድ ስልክ አንስቷል። ሴት ነበረች፣ አልገባኝም፣ ሮንግ ነምበር ብዬ ዘጋሁ አለ። አንቺ አጀንዳ፣ ያቺ ሴት ስለ አሸዋ የምትደውለው የመካኒሳዋ ደላላ ናት፤ ማምሻውን መልሳ ደውላ ስትሰድበኝ ነበር። አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ጋኦ አለቀሰ። ያ በሬ የሚያክል ሰውዬ፣ ቆቡን አውልቆ። ከሊው ጋር አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። ሊው አልጋውን አወጣ። ጋኦ አጠገብ ተሸክሞት ሲያልፍ አየሁት። ሚ/ር ሁም፣ ጋኦ ሰኞ ወደ ድንጋይ መፍጫው ካምፕ ይሄዳል፣ እዚያ ስልክ የለም አለ።

ከሰዓት አስተማርኩ። አስተማርኩ! ጋኦ መጣ፤ ሌላ ቀን የሚቀረው ሰውዬ ዛሬ መጀመሪያ ገባ። መልእክት መቀበያውን እንደገና አስተምሪኝ አለኝ። ሃምሳ ጊዜ አለው። ጥሩ አድርጎ አለው። ልጮህበት ፈልጌ ነበር፣ እንደ ለመድኩት፣ አንድ ስሕተት እንኳ አልሰጠኝም።

ንቀቴን የት እንደማደርሰው ጨንቆኛል። ለሌላው ሁሉ ይበቃ ነበር።


የካ. 20፣ ቅዳሜ

ጋሽ በዳዳን አማከርኩ። የሞተ አይነሳም፣ ተይው፣ እግዜር ያውቃል አሉ። ያ ወፍራሙ ሰውዬስ? ስላቸው ደግሞ ሽማግሌ እንላክ፣ ቀን መርጠን፣ ይቅር እንዲልሽ ያባብሉልሽ አሉ። ሆዳቸው አልቻለም፤ ሲነጋ ይነገረው የሚለው ሐሳብ የሳቸውም ነበር።

ሽማግሌ! እንደገና ሲነጋ፣ እንደገና በጋቢ፣ እንደገና ቀስ እያሉ። እኔማ በዚህ አገር ለስላሳ ምላስ ጠገብኩ። አንድ ጊዜ ገደልኩበት።

ጋሽ በዳዳን አልተቆጣሁም። አመስግኜ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆን?


የካ. 21፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ወስኛለሁ።

ነገ የጋኦ መኪና ሳይነሳ ሊው ጋ እሄዳለሁ። ክፍል አልገባም። ሚ/ር ሁ ከሥራ ያባርረኛል፤ ያባርረኝ፣ ሚስተር ስሚዝን ሌላ ይፈልግለት። ሊው ያንን ባዶ መስመር ትቶልኝ ነበር፣ አስቸኳይ ነው የሚባለውን። እሱንም አስተምረዋለሁ፣ ከፈለገ። አይፈልግም ይሆናል።

ከበሩ ጀምሮ እንዴት እንደምለው ስለማመድ ነው የዋልኩት፣ በመስተዋት ፊት፣ እንደ ተማሪ። መጀመሪያ እንዴት አደርክ አልኩ። ሰረዝኩት። በጣም አዝናለሁ አልኩ። እሱም ቆይቶ ይመጣል፣ ሰረዝኩት። ስለ ደሴና ስለ ብርቱካኑ ደግሞ ልጀምር ነበር፤ እሱ ደግሞ ዘዴ ነው፣ እንዲያዝንልኝ። ይሄን ሁሉ ስወረውር እሱ የሚደውልበት ዓይነት ብቻ ቀረኝ። ጤና የለ፣ ቤተሰብ የለ፣ ዝናብ የለ። ጉዳዩ ብቻ። የዚያን ልጅ አደዋወል የናቅኩ እኔ።

ስለዚህ ነገ ይችን ነው የምለው፦ ሚስተር ሊው፣ ረቡዕ ዕለት መልእክት ነበረህ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እናትህ በሕይወት ነበረች።